ወደ ላይ የዘነበ ዝናብ

ሳቢራ አራት ዓመት ሙሉ አንዲት ቃል በሆዷ ይዛ ኖራለች። ቃሏ «ባዶ» የምትል ናት። ሮቢት ቀበሌ አዳራሽ ውስጥ፣ ሕዝቡ እስከ በሩ ሞልቶ፣ ከበላይ መሥሪያ ቤት የመጣ አንድ ባለ መነጽር ሰው ወረቀት ገልጦ «የወይዘሮ ሳቢራ የዝናብ ጣቢያ ሁለት ዓመት ሙሉ ባዶ ነው፣ አንድ ጠብታ አልተመዘገበም» አለ። ሰው ሳቀ። ከኋላ በኩል አንዱ «ለዚህ ለዚህማ እኔም እመዘግብ ነበር» ብሎ ሳቁን አባሰው። ሳቢራ ግቢዋ ውስጥ ያቺ የዝናብ መለኪያ ቆርቆሮ ከተተከለችበት ከ2009 ዓ.ም. ጀምሮ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ወጥታ ያልለካችበት ቀን የለም። እናቷ የሞቱ ዕለት እንኳ ጀናዛው ከቤት ሳይወጣ ለክታ፣ ጽፋ፣ ከዚያ ነው ያለቀሰችው። እና ባዶ! ተነሥታ እንዳትናገር አፏ ደረቀ። ወንድሟ ሰላሁዲን ሦስተኛው አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ነበር፤ በየቀኑ ስትለካ የሚያያት ሰው ነው። ኮፍያውን አስተካከለና ወለሉን ሲያይ ቆየ።

ከዚያ ወዲህ እህትና ወንድም አንድ የውጭ በር፣ አንድ ቧንቧ፣ አንድ መጸዳጃ ቤት እየተጠቀሙ ተነጋግረው አያውቁም ማለት ይቻላል። መነጋገር ካለባቸውም ለነፋስ ነው የሚናገሩት። ሰላሁዲን በሩ ላይ ቆሞ «ውሃ መጥቷል» ይላል፣ ለማንም ሳይሆን። ሳቢራ ከጓሮ «በር የሚዘጋ ሰው ጠፋ» ትላለች፣ እሷም ለማንም ሳይሆን። የሰላሁዲን ሚስት ጀዊሪያ መሐል ሆና የሁለቱን ወሬ ስታመላልስ፣ አንዳንዴ የሰለቻት ቀን «እኔን ሬዲዮ አደረጋችሁኝ» ትላለች።

ዛሬ ጠዋት፣ ሐምሌ በገባ በአሥራ አንደኛው ቀን፣ ሳቢራ ቆርቆሮዋን ለክታ ስትመለስ ሰላሁዲን በራሱ ግቢ በኩል በእርምጃ ሲለካ አየችው። አሥር እርምጃ ከግድግዳው፣ አሥር እርምጃ ከጊሽጣው ዛፍ። ቆመ፣ በእግሩ መሬቱን መታ መታ አደረገ፣ ቀና ሲል ዓይን ለዓይን ተጋጩና ሽንት ቤት እንደሚሄድ ሰው ፈጠን ብሎ ሄደ። ሳቢራ ነገሩ አልጣማትም። ወንድሟ ቤት ሊሠራ ቢሆን ሲሚንቶ ተወደደ ብሎ ለነፋስ ያማርር ነበር። ጀዊሪያ ባልዲ ይዛ ቧንቧው ጋ ስትመጣ ጠብቃ ያዘቻት።

«ምንድን ነው የሚለካው?»

«እኔ አልነገርኩሽም በይ እንግዲህ።»

«አልነገርሽኝም። ንገሪኝ።»

ጀዊሪያ ወደ ቤቱ ዞር ብላ አየች። «ከቆቦው ቢሮ ደብዳቤ መጥቷል። ቆርቆሮው ወደኛ ግቢ ይዛወር ተብሏል። ያንቺ ጣቢያ ስድስት ዓመት ባዶ ነው፣ ወንድምዬው አሥረኛ ክፍል የጨረሰ ስለሆነ እሱ ይያዘው ብለዋል። ነገ ሊነቅሉት ይመጣሉ። ወላሂ እሱ አልጠየቀም፣ ሳቢሬ። እምቢም አላለም።»

ሳቢራ ሦስተኛ ክፍል ላይ ነው ትምህርቱን የተወችው፤ እሱን ነገር ማንም ቢያነሣባት አይከፋትም። ቆርቆሮዋን መንቀል ግን «ውሸታም ነሽ» ብሎ በግቢዋ መሐል ጉድጓድ መቆፈር ነው። ገብታ አልጋዋ ሥር ያለውን የማዳበሪያ ከረጢት ጎተተች። በውስጡ ስምንት ደብተር አለ፣ ወደ ቢሮ የላከችው ሁሉ በየቀኑ የተገለበጠበት። ቀኑ በሰማያዊ፣ ዝናቡ በቀይ። ደብተሮቹን ለሦስት የተለያዩ የቢሮ ሰዎች አሳይታ ሦስቱም አንድ ቃል ነው የመለሱላት፤ ደብተር ማስረጃ አይሆንም፣ ሲስተሙ ላይ የለም። ሻሿን አጠበቀች፣ ከረጢቱን በትከሻዋ አንጠልጥላ አስፋልት ዳር ወጣች።

ከሮቢት ቆቦ ሚኒባሱ አርባ ብር ነበር፤ ዛሬ ስልሳ ሆኗል። ረዳቱ ነዳጅ ጠፋ አለ። ከጎኗ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ከረጢቱን አይተው «ምን ጭነሻል፣ ጤፍ ነው?» አሏት። «ዝናብ ነው» አለች። ሽማግሌው ለትንሽ ጊዜ አሰቡበት፤ ከዚያ «አሏህ ይጨምርልሽ» ብለው ወደ መስኮቱ ዞሩ። ከመስኮቱ ወዲያ ማሽላው ጉልበት ደርሷል፤ ያገሬው ሰው ጅጉርቲ የሚለው ዘር ነው፣ ሲያፈራ አንገቱን የሚደፋው። ጎሊና ወንዝ ደፍርሳ ትወርዳለች። ሳቢራ ማሽላውን ስታይ ሌላው ሰው ቁመቱን በሚያይበት እሷ የዝናቡን ሚሊ ሜትር ታያለች፤ የሰኔ አሥራ ስምንት፣ ያቺ የማክሰኞዋ ሃያ ሁለት ነጥብ አራት፣ ያኔ የጀመረው ነው ይሄ እርጥበት።

የዝናብ መረጃ የሚሰበስበው የቆቦው ቢሮ በአንድ ረጅም ቆርቆሮ ቤት መጨረሻ ላይ ነው። በረከት የሚባለው ባለሙያ ከመጣ ስድስት ወሩ ነው፤ ቀጭን፣ ትሑት፣ ግን ሁልጊዜ የሚቸኩል ወጣት። ጠረጴዛው ላይ ሦስት ፋይልና አንድ የቀዘቀዘ ሻይ አለ። ደብዳቤውን የጻፈው እሱ ነው፤ አልካደም።

«እናቴ፣ እኔ እርስዎን ለመክሰስ አይደለም። ሲስተሙ ባዶ ነው የሚለኝ። እኔ የሚለኝን ነው የምጽፈው።»

«ሲስተሙን አሳየኝ።»

«ከዚህ አይከፈትም፣ ኔትወርካችን ተበላሽቷል። ግን መረጃው ኢንተርኔት ላይ ተለቋል፤ ለማንም ክፍት ነው። እዚያ ገብተው ማየት ይችላሉ።»

«የት ነው በሩ?»

«የምን በር?»

«አንተ ክፍት ነው አልክ። እኔ ደግሞ ልገባ ነው።»

በረከት ሳቁን ዋጠና በወረቀት ቁራጭ ላይ በእንግሊዝኛ ረጅም ነገር ጻፈላት፤ ነጥብ የበዛበት። ሳቢራ ወረቀቱን እንደ መድኃኒት ማዘዣ አጥፋ መዳፏ ውስጥ ያዘችው። ስትወጣ «ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ነው ያለኸው?» አለችው። እስከ አሥራ አንድ አለ። «ጥሩ» አለች፣ የሚያስፈራ በሚመስል ጥሩ።

ፍቅሩ የሚባለው ጸሐፊ ከገበያው ወረድ ብሎ ሦስት በአራት በሆነች ክፍል ውስጥ ይሠራል። ከታይፕ ዘመን ጀምሮ የቆቦን አቤቱታ የጻፈ ሰው ነው፤ አሁን ታይፑን ከመደርደሪያው አናት ላይ ሰቅሎ ኮምፒውተር ቢገዛም የሚመታው ያው በሁለት ጣት ነው። ግድግዳው ላይ ለፓስፖርት ፎቶ የሚሆን ሰማያዊ አቡጀዲ፣ ኮፒ ማድረጊያው ላይ ሚስቱ በኪሮሽ የሠራችለት ልብስ፣ በሩ ላይ «ዱቤ ጓደኛ ያጣላል» የሚል ጽሑፍ አለ። መብራት ሲጠፋ የሚጮህ አንድ ሳጥን ደግሞ ጠረጴዛው ሥር ተቀምጦ ሳይጠፋም ይጮሃል።

«አያ ፍቅሩ፣ ኢንተርኔት ላይ ልግባ» አለችና ወረቀቱን ሰጠችው።

ፍቅሩ መነጽሩን ወደ ግንባሩ ገፋ፣ መልሶ አወረደ። «ሰዓቱ ሰማንያ ብር ነው። ቲክቶክ ከሆነ ግን አልከፍትም፣ ይበላል።»

«ዝናቤን ነው የምፈልገው።»

ሰውየው ሰላሳ ዓመት ሙሉ የጠፋ መሬት፣ የጠፋ ባል፣ የጠፋ የጡረታ ደብተር ጽፏል። የጠፋ ዝናብ ግን አልገጠመውም። ወንበር አቀረበላትና አድራሻውን አንድ በአንድ እያነበበ መታ። ድረ ገጹ ቀስ እያለ መጣ፤ መጀመሪያ ሰማያዊው፣ ከዚያ የደመና ሥዕል፣ ከዚያ ዝም። ሲከፈት ደግሞ መመዝገብ ያስፈልጋል አለ። ስም፣ ኢሜይል። ኢሜይል አወጣላት። ቀጥሎ መጠየቅ ጀመረ።

«የምን ድርጅት ነሽ ይላል።»

«ድርጅት የለኝም። ግቢ ነው ያለኝ።»

«ባዶ አይተውም እኮ።»

«ባዶ የሚለውን ቃል እንዳልሰማ! የሳቢራ ግቢ በለው።»

ፍቅሩ የሳቢራ ግቢ አለው። «መረጃውን ለምን ፈለግሽው ይላል። ለጥናት፣ ለእርሻ፣ ለግንባታ፣ ለሌላ።»

«ለስሜ።»

«ለሌላ» አለ ፍቅሩ ቀስ ብሎና ነካው። ተከፈተ።

የጣቢያዎቹ ዝርዝር በእንግሊዝኛ ነው፣ ሮቢትም ሁለት ናት። የመጀመሪያዋን ሲከፍቱ ዝናቧ የማይታወቅ ሆነ፤ ለካ የሸዋዋ ሮቢት ኖራለች። «እሷን ተዋት፣ የራሷ ሰው አላት» አለች ሳቢራ። ሁለተኛዋ የኛዋ ናት። ፍቅሩ የፈረንጁን አቆጣጠር በጣቱ ቆጥሮ 2019ን ነካ፤ 2011 ዓ.ም. በአብዛኛው እሱ ነው። ሰንጠረዡ ሙሉ ሆኖ ወጣ፤ ግን በየቤቱ የተቀመጠው አንድ ዓይነት ቁጥር ነው። መስመር ነገር ከፊቱ፣ ከዚያ ዘጠና ዘጠኝ ነጥብ ዘጠኝ።

ሳቢራ ወደ ኮምፒውተሩ መስታወት ተጠጋች። እንግሊዝኛ አታነብም፤ ቁጥር ግን ቁጥር ነው። «ዘጠና ዘጠኝ ነጥብ ዘጠኝ? በየቀኑ? ሱብሐነላህ፣ ኖኅ መጥቷል እንዴ!»

«ከፊቱ ያለው መስመር ከዜሮ በታች ማለት ነው።»

«ዝናብ ከዜሮ በታች እንዴት ይሆናል?»

ፍቅሩ አሰበ። «እኔ እንጃ። ወደ ላይ የዘነበ ይመስላል።»

ሁለቱም ተያዩና ሳቁ፤ ፍቅሩ ዕንባው እስኪመጣ፣ ሳቢራ ሻሿ እስኪፈታ። ኮፒ ልታስደርግ በሩ ላይ የቆመች ተማሪ ምን ሆኑ ብላ አየቻቸው። ቁጥሩ ግን የሚያስቅ አልነበረም። ፍቅሩ ከታች የተጻፈውን አንብቦ ሲነግራት መረጃ ያልተገኘበት ቀን ምልክት ነው። 2020 ወደ ላይ ዘነበ። 2021ም፣ 2022ም፣ እስከ ዛሬ። ሳቢራ ከረጢቷን ዳሰሰች። ስድስት ዓመት ሙሉ ቅጹን ሞልታ፣ ወር በገባ በአምስተኛው ቀን ቆቦ አድርሳ፣ መንገድ በተዘጋበት ጊዜ አከማችታ ሲከፈት በአንዴ ልካ፣ ያ ሁሉ የት ገባ? ሳጥኑ ይጮሃል። ፍቅሩ «አብሽሪ፣ ሳቢሬ» አላት፣ «አንዳንዴ ወረቀት ይጠፋል።» እሱም ያለውን አላመነበትም።

«ወደ ኋላ ሂድ» አለችው።

«ወደ ኋላማ አንቺ አልነበርሽበትም። ቆርቆሮሽ የተተከለው በ2009 ነው፣ በፈረንጅ 2017 መሆኑ ነው።»

«ሰዓቱን ከፍያለሁ። ሂድ።»

ፍቅሩ ሄደ። 2018 ሙሉ ነው፣ የእሷ ነው፤ ቅጹ ከመቀየሩ በፊት በአሮጌው ላይ ስትጽፍ የነበረው። 2017 ከሚያዝያ በኋላ እንደዚያው። 2016ን ነካ፣ ባዶ ነው ብሎ ሊያልፈው ሲል ቁጥሮች ተግተልትለው መጡ። ግራ ተጋባ። 2015፣ 2014፣ እያለ 2011 ላይ ሲደርስ ሳቢራ እጁን ያዘችው። ጣቷን መስታወቱ ላይ አሳረፈች፤ ፍቅሩ መስታወት ሲነካበት ይናደዳል፣ ዛሬ ግን አልተናገራትም። ጣቷ ሥር 61.3 ይላል።

«ስልሳ አንድ ነጥብ ሦስት» አለች፣ ድምፅዋ ቀጥኖ። «ነሐሴ ዘጠኝ። ጎሊና ሞልታ የሰላሁዲንን ሁለት ፍየል የወሰደችበት ቀን። ከሥሩ አሥራ አራት ነጥብ ዜሮ። ከዚያ ዜሮ፣ ዜሮ፣ ከዚያ ሰባት ነጥብ ሁለት።» ዓይኗን ከመስታወቱ ነቅላ ደብተሩን ከከረጢቱ አወጣች፤ ገጹን ለመፈለግ አልደከመችም። ነሐሴ 2011። ፍቅሩ አንድ ዓይኑን ደብተሩ ላይ፣ አንድ ዓይኑን መስታወቱ ላይ አድርጎ ሠላሳውንም ቀን ወረደበት። አንዲት ነጥብ አልተሳሳተችም።

«ግን ሳቢሬ፣ እዚህ ላይ ወሩ አሥራ ሁለት ነው የሚለው። በፈረንጅ አሥራ ሁለት ማለት ማሽላው አውድማ ላይ ያለበት ጊዜ ነው።»

«ነሐሴስ ስንተኛ ወር ነው? ከመስከረም ቁጠር።»

ፍቅሩ በጣቱ ቆጠረ። አሥሩ ጣት አልቆ ሁለት ሲጨምር አፉ ተከፈተ። አዲሱ ቅጽ ወሩን በስም ሳይሆን በቁጥር ጻፉ ይላል፤ እሷ በሀበሻ ጻፈች፣ ኮምፒውተር ላይ የሚያስገባው ሰው ሳያይ በፈረንጅ መታው። ነሐሴን ታኅሣሥ ላይ፣ 2011ን ስምንት ዓመት ወደ ኋላ። ዝናቧ አልጠፋም ነበር፤ ቆርቆሮዋ ሊተከል ገና አምስት ዓመት ሲቀረው ዘንቦ ተቀምጧል። ማንም አላየውም፣ ጣቢያ ባልነበረበት ዘመን ዝናብ የሚፈልግ ሰው የለማ።

«አሥራ ሦስተኛዋ ወርስ?» አለች ሳቢራ በድንገት። «ጳጉሜንን የት አደረሷት?»

«ፈረንጅ ጳጉሜን የለውም። ማሽኑ አሥራ ሦስት ሲሉት እምቢ ብሎ ነው።»

«በጳጉሜን እኮ ደህና ይጥላል!» አለች፣ ከሁሉም ይልቅ የጳጉሜን መቅረት አንገብግቧት። «አትም። ሁሉንም አትም።»

አሥራ አራት ገጽ ወጣ፣ ገጹ አሥር ብር። ፍቅሩ የሰዓቱን ሰማንያ ብር መልሰሽ ውሰጂ አለ፤ እሷም አልወስድም አለች፤ ብሩ ኮፒ ማድረጊያው ላይ ቀረ።

በረከት ገና ከምሳ መመለሱ ነበር። ሳቢራ ወረቀቱንና ደብተሩን ጎን ለጎን ዘረጋችለትና «ከመስከረም ቁጠር» ብቻ አለችው። ቆጠረ። መጀመሪያ በዓይኑ፣ ከዚያ በጣቱ፣ ከዚያ ወንበሩን ስቦ ተቀምጦ በእስክሪብቶ። አንድ ገጽ፣ ሁለት ገጽ፣ ስድስት ገጽ። ሻዩ አሁንም እዚያው ቀዝቅዟል። በመጨረሻ ሁለት እጁን ጭንቅላቱ ላይ ጫነና ሳቁ አመለጠው፤ የሚያሾፍ ሳቅ አልነበረም፣ ጠፋ ብሎ ሲፈልገው የነበረውን ቁልፍ ኪሱ ውስጥ ያገኘ ሰው ሳቅ ነው።

«እናቴ፣ ይሄ የእርስዎ ብቻ አይመስለኝም። ያን ቅጽ የሞላ ሁሉ እዚያ ነው ያለው። የዋጃው ጣቢያም ባዶ ነው የሚለኝ።»

«የዋጃውንም ሰውዬ ልትነቅልበት ነበር?»

በረከት ለበላይ እንደሚጽፍ፣ ማስተካከሉ ጊዜ እንደሚወስድ፣ ቆርቆሮው ግን ካለበት ንቅንቅ እንደማይል ነገራትና ለእሷ የሚሰጠውን ደብዳቤ ለመጻፍ ወረቀት ሳበ። ሳቢራ እጇን ወረቀቱ ላይ ጣል አደረገች።

«ለእኔ አትጻፍ። እኔማ መለካቴን አውቃለሁ። ለወንድሜ ጻፍ። ማህተም ይኑረው።»

ቤት ስትደርስ አሥር ሰዓት ሆኗል። ሰላሁዲን በረንዳው ላይ ተቀምጦ የዶማ እጀታ ይጠርባል። ሳቢራ ለነፋስ አልተናገረችም። አራት ዓመት ያልሄደችበትን አሥራ አምስት እርምጃ ሄዳ ፖስታውን ጭኑ ላይ አስቀመጠችለት።

«አንብበው። ጮክ ብለህ።»

ጀዊሪያ ባልዲዋን እንደያዘች ቆመች። ሰላሁዲን ቀደደው፣ ጉሮሮውን ጠረገ፣ ጀመረ። ጉዳዩ የዝናብ መለኪያውን ስለማዛወር የተጻፈው ደብዳቤ መሻሩን ስለማሳወቅ። ወይዘሮ ሳቢራ ከተመደቡበት ቀን ጀምሮ አንድም ቀን ሳያቋርጡ መዝግበው መላካቸው የተረጋገጠ በመሆኑ። እዚህ ላይ ድምፁ ተሰበረና ደገመው፤ አንድም ቀን ሳያቋርጡ። ስሕተቱ መረጃው ወደ ኮምፒውተር ሲገባ የተፈጠረ በመሆኑ። ማህተሙ ጋ ሲደርስ ማንበቡን አቆመ፣ ወረቀቱን ግን አላወረደም፤ ፊቱን ጋርዶበታል። በአስፋልቱ አንድ አውቶቡስ እየጮኸ አለፈ።

«ያን ቀን መናገር ነበረብኝ» አለ ከወረቀቱ ጀርባ።

«ነበረብህ» አለች ሳቢራ።

«አውቅ ነበር እኮ። በየቀኑ አይሻለሁ። ሰው ሲስቅ...» አልጨረሰውም። እሷም ጨርስ አላለችውም። ጀዊሪያ «አልሐምዱሊላህ፣ ሬዲዮው ዛሬ ተዘጋ» ብላ ባልዲዋን ይዛ ገባች። ወዲያው ከዞብል ተራራ በኩል ሰማዩ ጠቆረና ዶፉን ለቀቀው፤ ሳቢራም ወደ ቤቷ ሳትሮጥ እዚያው በወንድሟ በረንዳ ዝናቡን ቁጭ ብላ አየች።

በማግሥቱ ሦስት ሰዓት ሊሆን አምስት ደቂቃ ሲቀረው በሩን አንኳኳችበት። ሰላሁዲን ጫማውን በግማሽ አጥልቆ ወጣ፣ ምን ሆነ ብሎ ደንግጦ። ምንም አልሆነም። ቆርቆሮዋ ጋ ወስዳ ውሃውን ወደ መለኪያው ብርጭቆ ቀዳችና ድንጋዩ ላይ አስቀመጠችለት። ጥቅምት ላይ ደሴ ልጇ ጋ ልትሄድ ታስባለች፤ ስምንት ዓመት ሙሉ ለአንድ ሳምንት እንኳ ከሮቢት ወጥታ አታውቅም።

«ስንት ይላል?»

ሰላሁዲን ቆሞ ከላይ ወደ ታች አየ። «ሰላሳ አንድ» አለ።

«አይደለም።»

«ሰላሳ አንድ ነው እኮ የሚለው።»

«አሥረኛ ክፍል ደብዳቤ ነው ያስተማሩህ» አለችና እጇን ትከሻው ላይ ጫነች። «ዝናብ ከላይ ሆኖ አይነበብም። ጎንበስ በል። እንደዚያ አይደለም፣ ዓይንህ ከውሃው እኩል እስኪሆን።»

ሰላሁዲን አንድ ጉልበቱን፣ ቀጥሎም ሁለተኛውን ጭቃው ላይ አሳርፎ ጎንበስ አለ።

«ሃያ ዘጠኝ ነጥብ ስድስት» አለ።

«አሁን አነበብክ» አለች ሳቢራ፣ እስክሪብቶውንም ሰጠችው።